ቶሌዳኖ፦ አገሩን በስሙ ይዞ የወጣ ቤተሰብ

 

ወደ ቅድስት አገር ከገባን በኋላ ከሁሉ አስቀድሞ የተጠየቅነው ነገር ስማችንን ነው። ዛሬም ቢሆን ኩፓት ሆሊም ሄደን ተራችንን ስንጠብቅ ጸሐፊዋ ከወረቀቷ እያየች ትጣራለች፤ «ቢቶን! ፔሬጽ! ቶሌዳኖ!» የተጠራው ሁሉ ወዲያው ብድግ ይላል። የእኛ ተራ ሲደርስ ግን ትንሽ ዝም ትላለች። ፊደሎቹን አንድ ሁለት ጊዜ ትሞክራቸዋለች። እኛም የጠራችው የአያታችንን ስም መሆኑን እስክንለይ ድረስ ተራችን ያልፋል።

ማታ ደግሞ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ይመጡና «አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ቶሌዳኖ ይባላል፤ ቶሌዳኖ ማለት ምን ማለት ነው? የእኛስ ስም ምን ማለት ነው?» ብለው ይጠይቁናል። ሁለተኛውን ጥያቄ እያንዳንዱ ቤተሰብ በየቤቱ ይመልሳል። የመጀመሪያውን ግን ዛሬ በዚህ ዓምድ አብረን እንመልከተው። የቶሌዳኖን ታሪክ ስናውቅ የራሳችንንም ጥያቄ ለመመለስ ይቀለናል ብለን እናምናለን። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የስሙ ትርጉም

ቶሌዶ በስፔን አገር መካከል፣ ከማድሪድ በስተደቡብ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ጥንታዊ ከተማ ናት። በኮረብታ ላይ የተሠራች ስትሆን ታኾ የሚባለው ወንዝ በሦስት ወገን ይከባታል። በስፔን ቋንቋ «ቶሌዳኖ» ማለት «የቶሌዶ ሰው» ማለት ነው። እኛ የጎንደሩን ሰው ጎንደሬ፣ የጎጃሙን ጎጃሜ እንደምንለው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ጎንደር ከተማ ውስጥ አንዱን ሰው ነጥሎ «ጎንደሬው» ብሎ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም ጎንደሬ ነውና። ያ ሰው ወደ ሌላ አገር ሄዶ ሲቀመጥ ግን የአገሬው ሰው «ያ ጎንደሬ» ይለዋል። ቶሌዳኖም እንዲሁ ነው። ቶሌዶ ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህ ስም ከጎረቤቱ አይለየውም። ከከተማው ወጥቶ በሌላ ቦታ ሲቀመጥ ነው ጎረቤቶቹ ቶሌዳኖ የሚሉት። ስለዚህ ስሙ የሚነግረን ቤተሰቡ ከየት እንደ ወጣ ነው።

በእስራኤል የምንሰማቸው ብዙ የቤተሰብ ስሞች በዚሁ መንገድ የተገኙ ናቸው። ናቫሮ ከናቫራ፣ ሶርያኖ ከሶርያ (ይህች የስፔን ከተማ እንጂ ጎረቤታችን ሶርያ አይደለችም)፣ ሳራጎሲ ከሳራጎሳ፣ ቤሃር ከቤሃር ከተማ የመጡ ናቸው። በተቃራኒው ደግሞ ከጀርመን አገር ተነሥቶ በስፋራዲም መካከል የተቀመጠ አይሁዳዊ «አሽከናዚ» ይባል ነበር። ዛሬ የቤተሰብ ስሙ አሽከናዚ ሆኖ በባህሉና በጸሎቱ ስፋራዲ የሆነ ሰው ብታገኙ አትደነቁ። አያቱ እንግዳ ሆኖ የገባበት ስም ነው።

ከተማይቱና አይሁድ

ቶሌዶ ከ711 ገደማ ጀምሮ በእስላሞች እጅ ነበረች። በ1085 ንጉሥ አልፎንሶ 6ኛ ያዛትና የክርስቲያን ነገሥታት ከተማ ሆነች። አይሁድ በሁለቱም ዘመን ኖረውባታል። ዐረብኛም የስፔን ቋንቋም ስለሚያውቁ፣ በ13ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ ዘመን የሥነ ፈለክ መጻሕፍትን ከዐረብኛ ከተረጐሙት ሊቃውንት መካከል አይሁድ ነበሩ። በ1305 ከጀርመን አገር የተሰደዱት ታላቁ ራቢ አሼር ቤን የሂኤል የተቀበለቻቸው ቶሌዶ ናት፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በዚያ አስተማሩ።

ዛሬ ቶሌዶ የሚሄድ ሰው ሁለት የድሮ ምኩራቦች ቆመው ያያል። አንደኛውን የንጉሥ ፔድሮ ገንዘብ ያዥ የነበሩት ሳሙኤል ሃሌዊ በ1350ዎቹ አሠሩት። በግድግዳው ላይ የዕብራይስጥ ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር ተቀርጾ ይታያል። የስፋራዲም ሙዚየም የሆነውም ይኸው ሕንፃ ነው። ያሠሩት ሰው ግን ንጉሡ ፊቱን ሲያዞርባቸው ታስረው በእስር ቤት ሞቱ። ከዚያም በ1391 በብዙ የስፔን ከተሞች በአይሁድ ላይ ዓመፅ ተነሣ፤ ቶሌዶም አልቀረላትም። ብዙዎች ተገደሉ፣ ብዙዎች በግድ ተጠመቁ፣ ሌሎች ሸሹ። እንግዲህ ከቶሌዶ የወጣው ሰው ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ አልወጣም።

የ1492 ስደት

መጋቢት 31 ቀን 1492 ንጉሥ ፈርናንዶና ንግሥት ኢዛቤላ አይሁድ ወይ እንዲጠመቁ፣ ወይ አገሩን ለቀው እንዲወጡ አዋጅ አወጡ። የተሰጣቸው ጊዜ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ነበር፤ አራት ወር ማለት ነው። ወርቅና ብር ይዘው እንዳይወጡ ስለ ተከለከሉ ቤታቸውንና የወይን ቦታቸውን በተገኘው ዋጋ ሸጡ። ብዙዎቹ ወደ ፖርቱጋል ተሻገሩ። በዚያም ዕረፍት አላገኙም፤ በ1497 በግድ ተጠመቁ። ሌሎቹ በባሕር ወደ ሰሜን አፍሪካ፣ ወደ ኢጣልያና ወደ ቱርክ ግዛት ሄዱ።

ቤትን ትቶ በእግር መውጣት ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም። ከመካከላችን በሱዳን በረሃ ያለፈ አለ፤ በጎንደርና በአዲስ አበባ ዓመታት የጠበቀ አለ። ከስፔን የወጡትም ቤትና መሬት ይዘው መሄድ አልቻሉም። ይዘው የሄዱት መጽሐፋቸውን፣ ቋንቋቸውንና ስማቸውን ነው።

ሳሎኒካ በተባለችው ከተማ የደረሱት ስደተኞች ምኩራቦቻቸውን እንኳ በወጡበት አገር ስም ጠሯቸው፤ ካስቲልያ፣ አራጎን፣ ካታላን፣ ሊዝበን እያሉ። ከስፔን ያመጡትንም ቋንቋ ለአራት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል በቤታቸው ተነጋገሩበት። በ1943 ናዚዎች ከዚያች ከተማ ከ45,000 በላይ አይሁድ ወደ አውሽቪትስ ወስደው አብዛኞቹን ፈጇቸው። ከእነርሱም ጋር ብዙ የስፔን ከተሞችን ስም የተሸከሙ ቤተሰቦች ጠፉ።

ፌዝና መክነስ

የቶሌዳኖ ስም ከሁሉ ይበልጥ ሥር የሰደደው በሞሮኮ ነው። ከስፔን የወጡት አይሁድ ፌዝ ከተማ ሲደርሱ በዚያ ከጥንት ጀምሮ ዐረብኛ እየተናገሩ የሚኖሩ አይሁድ ነበሩ። እንግዶቹ «መጎራሺም» ተባሉ፤ ተባራሪዎች ማለት ነው። የአገሬዎቹ ደግሞ «ቶሻቪም» ተባሉ፤ ነዋሪዎች ማለት ነው። ሁለቱም የአንድ አምላክ፣ የአንድ ኦሪት ልጆች ሲሆኑ መስማማት ግን ወዲያው አልመጣም። በሥጋ አራረድና በጋብቻ ሥርዓት ተከራከሩ። አንዱ የሌላውን ሥጋ አልበላም ያለበት ዘመን ነበር። ይህ ነገር ለጆሮአችን እንግዳ አይደለም!

እንግዶቹ ከ1494 ጀምሮ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ውርስና ስለ ማኅበር አስተዳደር ደንብ እያወጡ ጻፉ። በጋብቻው ውል፣ በደንቡ ግርጌና በመጽሐፉ ሽፋን ላይ እያንዳንዱ ራቢ ስሙን ከነቤተሰቡ ስም ፈረመ። ቶሌዳኖ የሚለው ፊርማም ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ቆየ። በተለይ በመክነስ ከተማ ከዚህ ቤተሰብ ብዙ ራቢዎችና ዳኞች ወጡ። ሡልጣን ሙላይ ኢስማኢል ከ1672 እስከ 1727 ሲነግሥ መክነስን ዋና ከተማው አድርጎ ነበር። ዮሴፍ ቶሌዳኖ የሚባለው አይሁዳዊ በ1680ዎቹ የሡልጣኑ መልእክተኛ ሆኖ ስለ ሰላም ስምምነት ወደ ኔዘርላንድስ ተልኳል። የተባረረ ቤተሰብ ልጅ በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ የንጉሥ መልእክተኛ ሆነ ማለት ነው።

ከመክነስ የተነሡ አንዳንዶች ደግሞ ወደ ምድረ እስራኤል ወጡ። ራቢ ያዕቆብ ሙሴ ቶሌዳኖ በ1880 በጥብርያዶስ ከተማ ከእንዲህ ያለ ቤተሰብ ተወለዱ። በ1911 የሞሮኮን አይሁድ ታሪክ በዕብራይስጥ ጽፈው በኢየሩሳሌም አሳተሙ። በኋላም የቴል አቪቭ የስፋራዲም ዋና ራቢ ሆኑ፤ ከ1958 እስከ ዐረፉበት እስከ 1960 ድረስም በእስራኤል መንግሥት የሃይማኖት ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። ከ1948 እስከ 1960ዎቹ ባሉት ዓመታት ከ200,000 በላይ አይሁድ ከሞሮኮ ወደ እስራኤል መጡ። ከነርሱም ጋር ብዙ ቶሌዳኖዎች ገቡ። በልጃችሁ አጠገብ የሚቀመጠው ልጅ አያቶች ምናልባት በዚያ ጊዜ በድንኳንና በቆርቆሮ ቤት የኖሩ ይሆናሉ። የዛሬው ነባር የትናንት እንግዳ ነው።

ሌሎቹ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ስፔን፣ ወደ አሜሪካ ሄዱ። በ2011 በዓለም ዙሪያ የታየ አንድ ታዋቂ የፈረንሳይ ፊልም ከሠሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ኤሪክ ቶሌዳኖ፣ ከሞሮኮ አይሁድ ቤተሰብ የተወለደ ነው። በስፔን አገርም በ1992 መንግሥቱ ከአይሁድ ማኅበሮች ጋር የትብብር ስምምነት ሲያደርግ፣ በአይሁድ ወገን ከተደራደሩት ዋና ሰዎች አንዱ ሳሙኤል ቶሌዳኖ ነበሩ። አዋጁ ከወጣ ልክ አምስት መቶ ዓመት ሲሞላ፣ የተባረረችው ከተማ ስም ለድርድር ተመልሶ ተቀመጠ።

ቶሌዳኖዎች ሁሉ ዘመድ ናቸውን?

አይደሉም። ከቶሌዶ የወጡት ብዙ ቤተሰቦች ስለሆኑ፣ ስሙ አንድ ቢሆንም የዘር ግንዱ አንድ አይደለም። ደግሞም ክርስቲያን የሆኑ ቶሌዳኖዎች በስፔንና በላቲን አሜሪካ ሞልተዋል። በተገላቢጦሹ ከቶሌዶ የወጣ ሁሉ ቶሌዳኖ አይባልም። የሹልሐን ዓሩክን መጽሐፍ በጽፋት ከተማ የጻፉት ራቢ ዮሴፍ ካሮ በ1488 በቶሌዶ እንደ ተወለዱ ይነገራል። የቤተሰባቸው ስም ግን ካሮ ነው።

ይህን ማወቅ በቅርቡ ጊዜ ጠቃሚ ሆኖ ተገኝቷል። ስፔን በ2015 ባወጣችው ሕግ ከ1492 ስደተኞች የተወለዱ ሰዎች ዜግነት እንዲጠይቁ ፈቀደች። በዚያን ጊዜ ብዙ ሺህ ስሞች የያዘ ዝርዝር ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ «ስምህ እዚህ ካለ ዜግነት ታገኛለህ» እየተባለም ተወራ። ዝርዝሩን መንግሥት አላወጣውም ነበር፤ ስም ብቻውንም አልበቃም። ጠያቂው ከአይሁድ ማኅበር የምስክር ወረቀት እንዲያቀርብና የቋንቋ ፈተና እንዲያልፍ ይጠየቅ ነበር። ጥያቄ የሚቀርብበት ጊዜ በ2019 እስኪዘጋ ድረስ 132,000 ያህል ሰዎች አመለከቱ። በቤት የቆየ የጋብቻ ውል፣ የመቃብር ጽሑፍና የተጻፈ የትውልድ ሐረግ ለማስረጃ ይረዱ ነበር።

የእኛስ ስም?

በአገራችን የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር አልነበረም። ሰው የራሱ ስም አለው፣ ቀጥሎ የአባቱ፣ ቀጥሎ የአያቱ። ስሙ በየትውልዱ ይለወጣል። ዝምድናችንን የምናውቀው በስም ሳይሆን በቆጠራ ነው። ሽማግሌዎቻችን ልጅ ከመዳራቸው በፊት እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ይህ ቆጠራ ከማንኛውም የቤተሰብ ስም የበለጠ ትክክለኛ ነው፤ ቶሌዳኖና ቶሌዳኖ ዘመድ ላይሆኑ ይችላሉ፣ ሰባት ቤት የተቆጠረለት ግን ዘመዱን ያውቃል።

ስፔኖችም ድሮ እንደ እኛ ነበሩ። የፈርናንዶ ልጅ ፈርናንዴስ፣ የሳንቾ ልጅ ሳንቼስ ይባል ነበር። የልጅ ልጁም እንደገና በራሱ አባት ስም ይጠራ ነበር። ኋላ ግን ጸሐፊዎች በመዝገብ ሲያሰፍሩት ስሙ በአንድ ትውልድ ላይ ቆመ፤ የዚያ የአንዱ አባት ስም ለዘር ማንዘር ሆነ።

እኛም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። በአንድ ጠረጴዛ ፊት፣ በአንድ ቀን፣ የአያታችን ስም ቆሞ የቤተሰብ ስም፣ ሼም ሚሽፓሃ ሆነ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ከመጡት መካከል ታላቅ ወንድም በአባቱ ስም፣ ታናሹ በአያቱ ስም ተመዝግበው፣ የአንድ እናትና አባት ልጆች በወረቀት ላይ ባዕድ የሆኑበት ቤት ብዙ ነው። የልጅነት ስሙ በዕብራይስጥ ስም የተለወጠበትም ብዙ ነው። አንዳንዱ አዲሱን ስም ወዶ ተቀብሎታል፤ አንዳንዱ እናቱ ያወጣችለትን ስም መልሶ ወስዷል። ሁለቱም መብቱ ነው።

ስለዚህ አዲስ ለገባችሁ ቤተሰቦች የምንመክረው እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ወንድምና እህት ተነጋገሩ። የማን ስም የቤተሰብ ስም ይሁን? ቀደም ብለው የገቡ ዘመዶቻችሁ በምን ስም ተመዘገቡ? አንድ ላይ ወስኑ።

ሁለተኛ፣ የዕብራይስጡን ፊደል አስተያዩ። «ተ» የሚለው ድምፅ በቴትም በታውም ሊጻፍ ይችላል። የአንዱ ተስፋዬ በቴት፣ የሌላው በታው ከተጻፈ ለመዝገብ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። የቶሌዳኖ ስም እንኳ በድሮ መጻሕፍት ዩድና አሌፍ ተጨምሮበት፣ ዛሬ ደግሞ አጥሮ ይጻፋል።

ሦስተኛ፣ ስህተት ካለ ተስፋ አትቁረጡ። በ1956 የወጣው የእስራኤል የስም ሕግ፣ አዋቂ ሰው ስሙን እንዲለውጥ ይፈቅዳል፤ የሚቀርበውም ለሚስራድ ሃፕኒም ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ ከለወጣችሁ በኋላ ሰባት ዓመት ሳይሞላ እንደገና ለመለወጥ ልዩ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ አስባችሁ አድርጉት።

አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ አንድ ደብተር ግዙ። አያት ካላችሁ ዛሬውኑ አጠገባቸው ቁጭ በሉና ሰባቱን ቤት ጻፉ። እያንዳንዱ ሰው የተወለደበትን መንደር ጨምሩበት፤ አምቦበር ይሁን ወለቃ፣ ደምቢያ ይሁን ወገራ፣ ሰሜን ይሁን ወልቃይት። የሴቶቹንም ስም አትርሱ። ስፔኖች የእናትን የቤተሰብ ስም ከአባት ቀጥሎ ይጽፋሉ፤ የእኛም እናቶች መጻፍ ይገባቸዋል። በአማርኛም በዕብራይስጥም ጻፉት፤ አንዱን እናንተ፣ ሌላውን ልጆቻችሁ እንዲያነቡት።

ቶሌዳኖዎች ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ «ከየት መጣችሁ?» ሲባሉ መልሱ በስማቸው ውስጥ አለ። የእኛ መልስ ግን በስማችን ውስጥ የለም፤ በሽማግሌዎቻችን አፍ ውስጥ ነው ያለው። እነርሱ ሲያልፉ አብሮ እንዳያልፍ እኛ መጻፍ አለብን። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል የኖረው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ልጃችሁ ነገ «ቶሌዳኖ ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ይህን ዓምድ አንብቡለት። «የእኛስ?» ሲላችሁ ደግሞ ደብተሩን አውጡለት።

እስከሚቀጥለው እትም ድረስ በሰላም ያቆየን። ሻሎም!